አንቲቦዲ፦ ቀለም ተሸክሞ የሚፈልግ ፕሮቲን

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ አንቲቦዲ ነው።

አንቲቦዲ ጀርም ሲገባብን ሰውነታችን የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በጣም መራጭ ነው። ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር ብቻ እንደሚከፍት፣ እሱም የሚይዘው አንድ የተለየ ነገር ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች ታዲያ ቀለም ይለጥፉበታል፤ አንዳንዴም ቀለም የያዘ ሁለተኛ አንቲቦዲ ያስከትሉበታል። የሚፈልገውን ሲያገኝ ቀለሙ እዚያው ይቀራል፣ የተረፈው ታጥቦ ይሄዳል።

ለምሳሌ ዜብራፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። አገሩ ደቡብ እስያ ነው። ገና ሲፈለፈል ገላው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ተመራማሪዎች ይወዱታል። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሕዋሳት ጥቂቶቹ አመንጪ ናቸው፤ ገሚሶቹ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ገሚሶቹ ሆርሞን ያመነጫሉ። ከሌሎቹ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። «2ኤፍ11» የሚባለው አንቲቦዲ ግን አመንጪዎቹን ይዞ ቀለም ያስይዛቸዋል። ያኔ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ይቻላል።

«የዓሣ አንጀት ለእኛ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉ! የእኛም ጨጓራ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉት፤ ፈሳሹ ጨጓራን ከራሱ አሲድ ይጠብቀዋል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ተደብቆ ጨጓራን ያቆስላል። አውስትራሊያዊው ዶክተር ባሪ ማርሻል ሰው አላምን ሲለው በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ! በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እኛ ሰፈር ሰሚት፣ በጨጓራ ምክንያት አልጫ ብቻ የሚበላ ሰው የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህን ልብ በሉ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነታችን የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ግን ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የሰገራ ምርመራው የሚፈልገው የባክቴሪያውን የራሱን ፕሮቲን ነው። በመመርመሪያው ውስጥ ባለቀለም አንቲቦዲ አለ፤ ባክቴሪያው ካለ ይይዘውና መስመር ይወጣል። ልክ እንደ ዓሣው አንጀት ማለት ነው።

እናቴ የ2 ሳምንት መድኃኒቷን ውጣ ጨረሰች። ከወራት በኋላ አንድ ክሊኒክ በደም መርምሮ «አሁንም አለብዎት» አላት። ያን ሁሉ ኪኒን እንደገና ልትገዛ ስትል አክስቴ ሌላ ቦታ ወሰደቻት። በሰገራ ሲታይ ምንም የለም! የኪኒኑ ብር ለደብተራችን ተረፈ።

እናንተም ቤት መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ካለ ሐኪሙን «ምርመራው በደም ነው ወይስ በሰገራ?» ብሎ ይጠይቅ። የሰገራው ምርመራም መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚደረገው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል