ጠበቃን በሙያ ጥፋት ለመክሰስ የተወሰነ ይርጋ፦ ሁለት ዓመት ወይስ ዐሥር ዓመት?

የይግባኝ ጊዜ በጠበቃው ቸልተኝነት ቢያልፍ ደንበኛው ምን መፍትሔ አለው? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 ይግባኝ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ይደነግጋል። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ በበቂ ምክንያት ሊፈቀድ ቢችልም፣ ቁጥር 326 የጠበቃን ጉድለት እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። ስለዚህ ዋናው ክርክር ይዘጋል፤ ለደንበኛው የሚቀረው ጠበቃውን ካሳ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህም ክስ በይርጋ የሚታገድ በመሆኑ፣ የይርጋው ርዝመትና መነሻው ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጠበቃ ጥፋት ተለይቶ የተደነገገ ይርጋ የለውም። ስለሆነም ጥያቄው የሚፈታው የኃላፊነቱን ምንጭ በመለየት ነው። ምንጩ ውል ከሆነ በቁጥር 1845 መሠረት ይርጋው ዐሥር ዓመት ነው። ምንጩ ከውል ውጭ የሆነ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2143(1) ተበዳዩ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያስገድደዋል።

ክርክሩን የሚያስነሣው ቁጥር 2031 ነው። ይህ ድንጋጌ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ የሚያዝ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ተከሳሽ ጠበቃ የሁለት ዓመቱን ይርጋ ሊጠቅስ ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጥር 2037 የውል ግዴታን አለመፈጸም በውል ድንጋጌዎች እንጂ በዚህ ክፍል እንደማይዳኝ ያመለክታል። ደንበኛና ጠበቃ የተገናኙት በውል እስከሆነ ድረስ የይግባኝ ጊዜን ማሳለፍ የውል ጥሰት ነው፤ ተገቢው ይርጋም ዐሥር ዓመት ነው። የሁለት ዓመቱ ይርጋ የሚመለከተው ከጠበቃው ጋር ውል የሌለውን ተጎጂ፣ ለምሳሌ በተበላሸ ኑዛዜ ምክንያት ስጦታውን ያጣን ሰው ነው። ድርጊቱ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት ከበለጠ በቁጥር 2143(2) መሠረት ረጅሙ ይጸናል።

የመነሻው ቀን ከርዝመቱ ያላነሰ ክብደት አለው። በቁጥር 1846 የውል ይርጋ የሚቆጠረው ግዴታው መፈጸም ከነበረበት ወይም በውሉ የተገኘው መብት ሊሠራበት ከሚቻልበት ቀን ነው። ሁለቱም ድንጋጌዎች ተበዳዩ ጥፋቱን ያወቀበትን ቀን መነሻ አላደረጉም። ጠበቃው «ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው» እያለ ሦስት ዓመት ቢያቆየው፣ ባለ ውሉ ደንበኛ አሁንም ሰፊ ጊዜ አለው፤ ውል የሌለው ተጎጂ ግን በተመሳሳይ መዘግየት መብቱን ሳያውቀው ያጣል።

በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 340.6 የተለየ ዘዴ እናገኛለን። በመርሕ ደረጃ ተበዳዩ ጥፋቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንድ ዓመት፣ ወይም ድርጊቱ ከተፈጸመ አራት ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው ይጸናል። ጠበቃው ያንኑ ጉዳይ ይዞ በቀጠለበት ጊዜም ቆጠራው ይቆማል። ይህ ዘዴ ደንበኛው በሚያምነው ጠበቃ ላይ ገና ጉዳዩ በእጁ እያለ ክስ እንዲመሠርት አያስገድደውም።

በእኛ ሕግ ወደዚህ የሚቀርበው ቁጥር 1853 ነው። ድንጋጌው ባለገንዘቡ ለባለዕዳው ባለበት ታዛዥነት ወይም በአክብሮት ፍርሃት ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤቱ የይርጋ መቃወሚያውን ውድቅ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ነገር ግን ደንበኛ በጠበቃው ላይ ያለው እምነት መታዘዝ ወይም ፍርሃት ነው ለማለት ያስቸግራል። የበለጠ የሚረዳው ቁጥር 1851 ነው፤ ጠበቃው ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፣ አዲስ ቆጠራም ይጀምራል። በተጨማሪም በቁጥር 1856 መሠረት ተከሳሹ ካልተቃወመ ዳኛው በራሱ አነሣሽነት ይርጋን አያነሣም።

በጸሐፊው አመለካከት፣ ውል ባለበት የዐሥር ዓመቱን ይርጋ መከተል ከሕጉ አወቃቀር ጋር ይስማማል። የሚቀረው ጉድለት ውል በሌላቸው ተጎጂዎች ላይ ያለው ነው። ሕግ አውጪው ለእነዚህ ሰዎች የሁለት ዓመቱን ቆጠራ ጥፋቱ ከታወቀበት ቀን ቢያስጀምርና የመጨረሻ ጣሪያም ቢያበጅለት፣ የተጎጂውም መብት የጠበቃውም እርግጠኝነት ይጠበቃል።