ሰው ሠራሽ እግር ከሰቆጣ ስንት ቀን ይርቃል?

ስለ አካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የርክክብ ሥነ ሥርዓት ነው። ዊልቸሮች ይደረደራሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶ ይነሣል። ጎማው ሲፈነዳ ማን እንደሚጠግነው፣ ወንበሩ ጀርባ ሲያቆስል ማን እንደሚያስተካክለው፣ የልጂቱ ቁመት ሲጨምር አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ከየት እንደምታገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላስተዋውቅ የተነሣሁት ይህን ጥያቄ የዕለት ሥራቸው ያደረጉ ሰዎችን ነው፤ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎችን፣ ፊዚዮቴራፒስቶችን፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ሠራተኞችን፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚሟገቱትን። የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። ሰቆጣን ዋና ከተማው እንዳደረገው እንደ አማራ ክልሉ ዋግ ኽምራ ዞን ባለ ተራራና ገደል በበዛበት አገር የድጋፍ መሣሪያ ጥቅም የሚሰጠው ሠሪው፣ ጠጋኙና ተሟጋቹ ለተጠቃሚው ሲቀርቡ ነው፤ ርቀቱ ካልተቃለለ ስጦታ ቢበዛም ለውጡ ትንሽ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለመረዳት አንድ ሰው ሠራሽ እግር እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። ሥራው የሚጀምረው በጀሶ ነው። ባለሙያው ከተቆረጠው እግር የቀረውን ክፍል በጣቶቹ እየዳበሰ አጥንት የጎላበትንና ክብደት ሊሸከም የሚችለውን ቦታ ይለያል፤ በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ በውኃ የራሰ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልልበታል። ፋሻው ሲደርቅ ተስቦ ይወጣና በውስጡ ቀጭን ጀሶ ይፈስበታል፤ ሲጠነክር የእግሩ ቅርጽ ይገኛል። ባለሙያው ይህን ቅርጽ ይሞርደዋል፤ ክብደት በሚያርፍበት በኩል በጥቂት ሚሊሜትር ይቀንሳል፣ አጥንት በሚጎላበት በኩል ጀሶ ይጨምራል። በኦቨን ግሎ የለሰለሰ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ይለበጥበታል፤ በመካከሉ ያለው አየር በፓምፕ ይመጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሶኬት የሚባለው ማቀፊያ ይወጣል። ቱቦውና የላስቲኩ እግር ከተገጠሙ በኋላ ተጠቃሚው ሁለት የብረት ዘንጎችን ይዞ መራመድ ይለማመዳል። ባለሙያው ከጎን ሆኖ የወገቡንና የጉልበቱን አካሄድ ያያል፤ ብሎኑን በመፍቻ ትንሽ ያዞራል፤ እንደገና ያስኬደዋል። በጥቂት ሚሊሜትር የተሳሳተ ሶኬት ያቆስላል፣ ያቆሰለ እግር ደግሞ ተወልቆ ከአልጋ ሥር ይቀራል። ስለዚህ እግሩን ከነሰውየው መለካት የግድ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ የሚላክ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ተለክቶም አያበቃም። ዐዋቂ ሰው በአማካይ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን በየ6 ወሩ እስከ በየዓመቱ አዲስ ያስፈልገዋል። በ10 ዓመቷ እግሯን ያጣች ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ አንዳንዴም 16 ጊዜ መለካት አለባት ማለት ነው። ይህችን ልጅ በዋግ ኽምራ በዝቋላ ወረዳ በጽጽቃ እናስባት። በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ሲሠሩ ከቆዩት የአካል ተሃድሶ ማዕከላት የሚቀርቧት በደሴ፣ በባሕር ዳርና በመቀሌ ነው ያሉት። መጀመሪያ ሰቆጣ መድረስ አለባት፤ ከዚያ በኮረምና በአላማጣ አድርጋ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ። አስታማሚ አብሯት ይሄዳል፤ ማደሪያና ቀለብ ይከፈላል፤ በእርሻው ወቅት ከሆነ አባት ወይም እናት ከሥራ ይጎድላሉ። እግሩ ራሱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ መንገዱ በነፃ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ እነዚህ መንገዶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር። ጦርነቱ አካሉን ያጣውን ሰው ቁጥር ሲያበዛ ወደ ጥገናው የሚወስደውን በርም አብሮ ዘጋ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ የዋግ መሬት ለዊልቸር አይመችም፣ ድንጋዩና ቁልቁለቱ ስለማያስኬድ ገንዘቡ ይባክናል የሚል። መቃወሚያው ግማሽ እውነት ይዟል። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ፣ የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ የሆኑ ዊልቸር በኮረት መንገድ ላይ በመጀመሪያው ድንጋይ ተይዞ ተቀማጩን ወደፊት ይጥለዋል። ነገር ግን ጥፋቱ የወንበሩ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በሞተር ሳይክል አደጋ እግሮቹ የሰለሉበት አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ ይህን ችግር ሲያጠና የፊት ጎማዎቹን ትልቅ አድርጎ ወደፊት አራቃቸው፤ ወንበሩም በቀላሉ የማይገለበጥ ሆነ። ሌላው ብልሃቱ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ጎማውና ኩሽኔታው በማንኛውም የብስክሌት ጥገና ቤት የሚገኝ ዓይነት እንዲሆን አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የዊልቸር አቅርቦት መመሪያ ስምንት ደረጃዎችን ዘርዝሯል፤ ወንበሩ ለተጠቃሚው የሚገጠመው በስድስተኛው ነው። ከዚያ በፊት ሰውየውን መመርመር፣ ቤቱና መንገዱ ምን እንደሚመስል መጠየቅ፣ ተስማሚውን ማዘዝ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማሠልጠንና መከታተል። በርክክብ ቀን የምናየው ከስምንቱ አንዱን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ጨርሶ በማያስኬድበት ቀዬ ደግሞ ክራንች፣ በቤት ውስጥ የሚያገለግል ወንበር፣ በመጸዳጃው በኩል የሚተከል መደገፊያ ይበልጥ ሊጠቅሙ ይችላሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ቤቱን ገብቶ ያየ ሰው ነው።

የማየት ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዐይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር እንደሆነ፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ ምክንያት እንደሆነ ታውቋል፤ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ደግሞ 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ሞራውን በቀዶ ሕክምና ማንሣት፣ የታጠፈውን የዐይን ሽፋን ማስተካከል የሐኪም ሥራ ነው። ብርሃኑ ለማይመለስለት ልጅ ግን ስሌትና ስታይለስ የሚባሉት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ፣ ነጭ በትር፣ መምህርም ያስፈልጉታል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ሳድሱ ፊደል ብቻውን ሲቆም የቀሩት አናባቢ ይከተላቸዋል። በዚህም ምክንያት በሦስት ፊደል የሚጻፈው «ሰላም» በብሬል አምስት ሕዋስ ይወስዳል። ልጁ በስታይለሱ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። መጽሐፉ ስለሚወፍር ማሳተሙም ማጓጓዙም ውድ ነው፤ ስለዚህ ስልክና ኮምፒዩተር ትልቅ ተስፋ ሆነዋል። ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የጀመሩት ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም አማርኛ ያነባል። አሁንም የሚጎድለው ሶፍትዌሩ አይደለም፤ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ ያም ሰው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛ አፉን ለፈታ ልጅ በኽምጥኛ ማስረዳት ቢችል ትምህርቱ በስንት ይፈጥናል።

ተሟጋቾቹን ከባለሙያዎቹ ጋር አብሬ ያነሣሁት ሥራቸው ስለማይነጣጠል ነው። የአገሪቱ ሕግ በወረቀት ደረጃ ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ ስምሪት መብታቸውን ይደነግጋል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አስገድዷል፤ አዋጅ ቁጥር 676/2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቋል። እነዚህ ሕጎች በራሳቸው የመጡ አይደሉም። የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ድምፅ ሲያሰማ ኖሯል። በአምስት ዓመቷ ብርሃኗን ያጣችው የወሎዋ የአማራ ሳይንት ተወላጅ የትነበርሽ ንጉሤ ሕግ ተምራ እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በትግሏ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። ዐይነ ስውር ሴት ልጅ ሸክም ናት ከሚባልበት ገጠር ተነሥታ ነው። የተሟጋቹና የባለሙያው ሥራ አይነጣጠልም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር ያገኘ ተማሪ የትምህርት ቤቱ በር አምስት ደረጃ ከሆነ ይቸገራል፤ መወጣጫ የተሠራለት ጤና ጣቢያም ዊልቸር ለሌለው ሰው ምኑም አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ የረሃብ ነው። ድርቅ በሚመላለስበት፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት ዞን መጀመሪያ እህልና መድኃኒት አይቀድምም ወይ? ሰቆጣ በዚህ ረገድ ስሟ የታወቀ ነው፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠርቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን እህሉ የሚታደለው በማዕከል ነው። መራመድ የማይችል ሰው ድርሻውን የሚያመጣለት ይፈልጋል፤ የማይሰማ ሰው የስርጭቱን ቀን ዘግይቶ ያውቃል። የድጋፍ መሣሪያና ቤት ለቤት የሚዞረው ሠራተኛ እርዳታው ለሁሉም እንዲደርስ የሚያደርጉ ናቸው እንጂ ከእርዳታው የሚሻሙ አይደሉም። ምጽዋት ይበቃል ለሚል ደግሞ፣ በየደጀ ሰላሙ የሚሰጠው ምጽዋት ብዙ ነፍስ እንዳቆየ አልክድም። ሆኖም በገዛ እጁ መሥራት የሚችልን ሸማኔ ወይም ተማሪ ዕድሜ ልኩን እጁን እንዲዘረጋ ማድረግ ለሰጪውም ክብር አይሆንም።

ምን ይደረግ ለሚል መነሻው በክልሉ ውስጥ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አንድ የጥገናና የልኬት ክፍል ቢከፈት፣ ሁለት ሦስት የአካባቢው ወጣቶች በሙያው ቢሠለጥኑ፣ ከደሴ የሚመጣ ባለሙያ በየጊዜው ቢጎበኛቸው የጽጽቃዋ ልጅ ጉዞ ከግማሽ በላይ ያጥርላታል። ያ ክፍል ለስንት ሰው እንደሚዘጋጅ ለማወቅ ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ተብለው ተመዘገቡ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ከአጠያየቁ ነው። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ቤተሰብ ይሸሽጋል። የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጃቸው ስድስት ጥያቄዎች ግን ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድ፣ ስለ ማስታወስ፣ ራስን ስለ መንከባከብና ስለ መግባባት ችግር አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም ከ«የለም» እስከ «ጨርሶ አልችልም» በአራት ደረጃ ይመዘገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት መዞራቸው ስላልቀረ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በቤተሰብ ማኅደሩ ላይ መጨመር ይችላሉ።