መርማሪ የሚያየውና የማያየው

መተማ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ከርሷ ማዶ ገላባት የምትባል የሱዳን ከተማ አለች። በመተማና በቋራ ቆላ ፀሐዩ እጅግ የበረታ ነው፤ መሬቱ ግን ለም ስለ ሆነ ጥጥና ሰሊጥ ያበቅላል። ከጥንት ጀምሮ ነጋዴዎች የቆላውን ጥጥ በእንስሳ ጭነው ወደ ጎንደር ያወጡት ነበር። የደጋ ሰው ከብርድ የሚጠለልበት ጋቢ መነሻው የቆላ ጥጥ ነው።

ጥጥ ጋቢ እስኪሆን ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ሴቲቱ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ፈትሉንም ወደ ሸማኔ ትወስዳለች። ሸማኔው ፈትሉን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ ይመረምረዋል። ቀጭንና ጠንካራ የሆነውን ለድር ይለያል፤ ወፈር ብሎ ለስላሳ የሆነውን ለማግ ያደርገዋል። ቋጠሮ የበዛበትን ግን፥ «እትዬ፥ ይህ ሲወጠር ይበጠሳል» ብሎ ይመልሳል።

ይህ ቃል ለፈታይቱ ይከብዳል፤ ብዙ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን የደከመችበት ሥራ ነውና። አንዲት ፈታይ እንዲህ ሲባል ትቆጣለች፤ ልቃቂቷን ሰብስባ ወደ ሌላ ሸማኔ ትሄዳለች። ሌላይቱ ግን፥ «ጌታው፥ ጉድለቱ ከወዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሸማኔውም ፈትሉን ዘርግቶ፥ ያለ ልክ የቀጠነበትንና ያለ ልክ የወፈረበትን ስፍራ ያሳያታል። የፊተኛይቱ ፈትል በሚመጣውም ዓመት ያው ነው። የኋለኛይቱ ፈትል ግን እያደር ይስተካከላል፤ እርሷም ቀጭን ፈታይ ተብላ በሰፈሯ ትመሰገናለች።

እንዲህ ያለው ምርመራ በሌላም አገር ይደረጋል። በአሜሪካ ኩዊልት የሚባል የመኝታ ልብስ አለ። ይህም እንደ ጋቢ ድርብርብ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሲሆን ኩዊልት ሦስት ነው። ላይኛው መልካቸው ልዩ ልዩ ከሆነ የጨርቅ ቁራጮች ይገጣጠማል። መካከለኛው የተነደፈ ጥጥ ነው። ታችኛው ደግሞ ገበር ነው። ሦስቱ በጥቃቅን ስፌት ተያይዘው አንድ ልብስ ይሆናሉ። አንዱን ኩዊልት በእጅ ሰፍቶ ለመጨረስ ብዙ ወራት ያስፈልጋል።

ሰፊዎች ሥራቸውን አምጥተው የሚያስመረምሩበት ትርኢት አለ። ኬንታኪ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በፓዱካ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 የተጀመረው ትርኢት ከታወቁት አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ትርኢት የሠሪዋ ስም ለመርማሪዎች አይነገርም። ባለጠጋ ትሁን ድኻ፥ ወዳጅ ትሁን ባዕድ፥ አያውቁም። ጓንት ያደረጉ ረዳቶች ልብሱን ዘርግተው ይይዛሉ፤ ጀርባውንም ገልብጠው ያሳያሉ።

መርማሪዎቹ መጀመሪያ ከሩቅ ሆነው የቀለሙን ስምምነት ያያሉ። ቀጥለው ቀርበው ስፌቱን ይመለከታሉ። ስፌቱ እኩል ነውን? የቁራጮቹ ጫፍ በትክክል ተገናኝቷልን? ዳሩ ቀጥ ያለ ነውን? ማዕዘኑ አልተጣመመምን? የክር ቋጠሮ ወደ ውጭ አልወጣምን? እድፍ ወይም የእርሳስ ምልክት አልቀረበትምን? ይህን ሁሉ እየተመለከቱ ሲናገሩ አንድ ጸሐፊ ቃላቸውን ይጽፋል። ጽሑፉም በኋላ ለሠሪዋ ይሰጣታል። አስቀድሞ መልካሙን፥ ቀጥሎም መታረም የሚገባውን ይነግራታል። «የቀለሙ አመራረጥ ያማረ ነው፤ የዳሩ ቅምቅማት ግን በሚገባ አልሞላም» የሚል ሊሆን ይችላል። «ሰነፍ ነሽ» የሚል ቃል ግን አይገኝበትም። ነገሩ ስለ ስፌቱ ነው እንጂ ስለ ሰፊይቱ አይደለም። ይህን ያስተዋለች ሴት ጽሑፉን አንብባ አታዝንም፤ በሚቀጥለው ሥራዋ ቅምቅማቱን አጥብቃ ትሞላዋለች።

ነገር ግን የመርማሪ ዐይን ሁሉን አያይም። በ1925 ዓ/ም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933፥ በቺካጎ ከተማ ታላቅ የዓለም ትርኢት ተደርጎ ነበር። በዚያ ምክንያት ሲርስ የተባለ የንግድ ኩባንያ የኩዊልት ውድድር አወጀ። ዘመኑ በአሜሪካ ሥራ የጠፋበትና ሕዝብ የተቸገረበት ነበር። ለአንደኛዋ የተወሰነው ሽልማት ግን ከአንድ ሺህ ዶላር አያንስም ነበር። ስለዚህ ወደ 25000 የሚጠጋ ኩዊልት ቀረበ። ምርመራው በየከተማው ተጀምሮ በየአውራጃው ተጣራ፤ በመጨረሻም 30 ብቻ ወደ ቺካጎ ደረሱ።

ከነዚህም ከኬንታኪ የመጣ አንድ ኩዊልት አንደኛ ወጣ። ስፌቱ እጅግ ረቂቅ ነበር። ልብሱም የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለነበሩት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተሰጠ። የውድድሩ ደንብ እያንዳንዷ ሴት በገዛ እጇ የሠራችውን እንድታቀርብ ያዝዝ ነበር። ሽልማቱን የተቀበለችው ሴት ግን በዚያ ልብስ ላይ አንድ ስፌት እንኳ አልሰፋችም። የሰፉት በጥቂት ገንዘብ የቀጠረቻቸው ሴቶች ነበሩ። እነርሱም በዚያ በችግር ዘመን እንጀራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ዝም አሉ፤ ከሽልማቱም ድርሻ አላገኙም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ነገሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ በታሪክ መርማሪዎች ተገልጦ ተጻፈ። ለሰፊዎቹ ግን ሽልማቱ አልተመለሰላቸውም።

መርማሪዎቹ ስለ ስፌቱ የፈረዱት ትክክል ነበር። ክሩን አዩ፤ ክሩን የያዘችውን እጅ ግን አላዩም። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ትርኢት በአንድ ልብስ ላይ የደከሙ ሁሉ ስማቸው ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠየቃል። ይህም ሆኖ ስሙን በእውነት የሚጽፈው ሥራውን የሚያቀርበው ሰው ራሱ ነው።

ይህ ትምህርት ለመተማም ገበሬ ይሆናል። በ2000 ዓ/ም ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማ መጋዘን ከፍቶ ሰሊጥ በደረጃ ይቀበል ጀመር። በዚህ ሥርዓት ከሰሊጡ ናሙና ይወሰዳል። አፈርና ገለባ ምን ያህል እንደ ተቀላቀለበት፥ ርጥበቱም ምን ያህል እንደ ሆነ ይመረመራል፤ ከዚያም ደረጃው ይወሰናል። ደረጃው ዝቅ ያለበት ገበሬ በመርማሪው ላይ ቢቆጣ አፈሩ ከሰሊጡ አይወጣለትም። ነገር ግን ምክንያቱን ጠይቆ በሚመጣው ዓመት ነዶውን በሸራ ላይ ቢያራግፍ ሰሊጡ ንጹሕ ይሆናል። ደግሞ ንጹሑን ከላይ አድርጎ ቆሻሻውን ከታች የሚደብቅ ሰው አለ። ናሙና ወሳጁ ቢያገኘው ያፍራል። ባያገኘው ደግሞ የጎረቤቱ ሰሊጥ ሳይቀር ስሙ ይጠፋል፤ ገዢ የቆላውን ሰሊጥ ሁሉ ይጠራጠራልና።

እንግዲህ ሥራውን ለምርመራ የሚያቀርብ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ እነርሱም ትሕትናና እውነት ናቸው። ትሕትና መርማሪው ላየው ጉድለት ነው። ያን ጉድለት ሰምቶ ማረም ሙያን ያሳድጋል። እውነት ደግሞ መርማሪው ሊያየው ለማይችለው ነገር ነው። የሌላውን ድካም የራስ አለማድረግ፥ ቆሻሻውንም ከከረጢት ሥር አለመደበቅ የሠሪው ፈንታ ነው። በዚያ ስፍራ ከራሱ በቀር ሌላ መርማሪ የለውም።