በፕሬድኒሶሎን ላይ ማስታገሻ ሲደረብ

በአማርኛችን «ማስታገሻ» የምትባለው ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ለራስ ምታቱም፣ ለጥርሱም፣ ለወገቡም፣ ለወር አበባ ቁርጠቱም የሚሰጠው ሁሉ ማስታገሻ ነው። እኔ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምውል ሰው ነኝና በቀን ስንት ጊዜ «ጠንከር ያለ ማስታገሻ የለህም?» እንደምባል ቆጥሬው አላውቅም። ለብዙው ሰው ይህ ቀላል ግዢ ነው። ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው ግን ቀላል አይደለም፤ የዛሬው ወሬያችንም ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

ስቴሮይድ ሲባል የስፖርተኞቹን ጡንቻ ማሳበጫ ያሰበ አንባቢ ካለ፣ እሱ ሌላ ነው። እኔ የምለው ፕሬድኒሶሎንን፣ ዴክሳሜታሶንንና የመሳሰሉትን ነው። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ለሉፐስ፣ ለከባድ አስም፣ ለአንዳንድ የኩላሊትና የአንጀት በሽታዎች ይታዘዛሉ። አንዳንዱ ሰው ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት ይውጣቸዋል።

የመድኃኒቱ ውለታ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ቁርጥማት ከእንቅስቃሴ ላገዳት አንዲት የ29 ዓመት ሴት ኮርቲሶን ወጓት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ሄንች ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁንና መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ እንደማያወጣ፣ ብዙ ሲወሰድም የራሱን ጣጣ ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፊት ያሳብጣል። ስለዚህ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገው ነው የሚሰጡት። መጠኑ ዝቅ ሲል ደግሞ ሕመሙ ብቅ ይላል። ይኼን ጊዜ ነው ሰው ወደ እኛ የሚመጣው።

አንድ ደንበኛዬ አስተማሪ ናቸው። መገጣጠሚያቸውን ካመማቸው ዓመታት ሆኗል፤ በቀን 10 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ። በጥቅምት ብርድ ጣቶቻቸው ጠመኔ መያዝ እምቢ ሲሏቸው፣ ጎረቤት የሰጣቸውን ባለ 50 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ ጠዋትና ማታ ያዙ። ጨጓራቸውን ሲለበልባቸው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ ደግሞ «እንግዲያው በመርፌ ይሻልዎታል» ተባሉና ያንኑ መድኃኒት ተወጉ። በሁለተኛው ሳምንት ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። የበሉት ነገር መስሏቸው ዝም አሉ። አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት ቆመው ዞረባቸውና ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ጨጓራቸው እየደማ ነበር፤ ደም ተሰጣቸው፣ በካሜራም ታይተው ቁስሉ ተገኘ። ዛሬ ደህና ናቸው፤ ይህንንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጎረቤትም ሆነ ክሊኒክ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ለመሆኑ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? ማስታገሻ የምንላቸው ክኒኖች በሁለት ቤት የሚከፈሉ ናቸው። በአንደኛው ቤት ፓራሲታሞል አለ። በሌላኛው አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን አሉ፤ እነዚህ ሕመምን ብቻ ሳይሆን እብጠትንና ብግነትንም ይቀንሳሉ። እንዴት እንደሚሠሩ በ1971 ያሳዩት ጆን ቬን የተባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይሠራ ያግዱታል። ችግሩ፣ ያው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ዘበኛ መሆኑ ነው። ማስታገሻው ዘበኛውን ያባርራል፤ ስቴሮይዱ ደግሞ የተላጠው ቦታ ቶሎ እንዳይድን ይይዘዋል። አንዱ ያቆስላል፣ ሌላው እንዳይጠግግ ያደርጋል።

በ1991 በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት በአረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስዱት ሰዎች በጨጓራ ቁስለት የመያዝ ዕድላቸው፣ ሁለቱንም ከማይወስዱት በ15 እጥፍ በልጦ ተገኘ። ስቴሮይዱን ለብቻው በሚወስዱት ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ጣጣው መደረቡ ላይ ነው ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ስቴሮይድ ምልክቱን ይሸፍናል። ጨጓራ ቢበሳ እንኳ ሌላው ሰው የሚጮህበት ሕመም ለእነዚህ ሰዎች ለስለስ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙን አይጠብቁ። ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ድንገት ዓይን ማጨለምና ላብ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። (የደም ማነስ ክኒን ማለትም አይረን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ቢሆንም ማጣራቱን ለሐኪም ይተዉት።)

የመርፌውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «መርፌ ጨጓራ አይነካም» የሚለው እምነት በከተማችን ሥር ሰዷል። ይነካል። መድኃኒቱ ዘበኛውን የሚያባርረው በደም በኩል ዞሮ ነው፤ በአፍ ገባ በታፋ ያው ነው። «ምግብ በልቼበት ነው የምወስደው» የሚለውም ማቃጠሉን ያበርድ ይሆናል እንጂ መድማትን አያስቀርም። የሚለየው በቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ነው፤ ከእሱ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ብቻ ስለሆነ ለአንድ ጉልበት ወይም ለአንድ እጅ ሕመም ሐኪምዎን ጠይቀው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ታዲያ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሕመሙን ችሎ ይቀመጥ? እኔ «ቻለው» የሚለውን ምክር አልወደውም። ጣቱ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተውን ሰው «ቻለው» ማለት ቀላል ነው፤ የሚችለው እሱ ነዋ! በቅድሚያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው። ለአዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በአንድ ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበቱን ለሚያመው፣ መጠጥ ለሚያበዛ፣ ሰውነቱ ለከሳ ሰው ልኩ ከዚህ ያንሳል፤ ሐኪም ይወስንለት። ሲያም ብቻ ጠብቆ ከመዋጥ ይልቅ ሐኪም በነገረዎት ሰዓት አዘውትሮ መውሰዱ ለብዙ ሰው የተሻለ ይሠራል። «ፓራሲታሞልማ ምን ያደርግልኛል» ብለው የናቁት ሰዎች አንዳንዶቹ የናቁት በሁለት ቀን አንዴ አንድ ፍሬ እየወሰዱ ነው።

ፓራሲታሞልም ቢሆን ከልኩ ሲያልፍ ጉበት ያጠፋል። ከልኩ የሚታለፈውም ብዙ ጊዜ በስም ብዛት ነው። ፓናዶል ፓራሲታሞል ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የሚመጣው ታይለኖልም ያው ፓራሲታሞል ነው፤ እዚያ አሴታሚኖፌን ይሉታል። ብዙ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጥ አለ። በሌላ በኩል በዚያው ሻንጣ የሚመጡት አድቪልና አሌቭ፣ አንዱ ኢቡፕሮፌን ሌላው ናፕሮክሲን፣ ከዚያ ከሚያደማው ቤት ናቸው። ጠርሙሱ ማማሩ፣ ያለ ማዘዣ መሸጡም ጠባዩን አይለውጠውም። ሕንድ ሠራሽ ከሆኑት ክኒኖች መካከል ደግሞ ዳይክሎፌናክንና ፓራሲታሞልን በአንድ ፍሬ የያዙ አሉ። ማሸጊያው ላይ ትልቁን የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ያስነብቡ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ጠየቁኝ። «እማማ፣ ሌላ የሚውጡት መድኃኒት አለ?» ብላቸው «ኧረ ምንም የለም ልጄ» አሉ። ጥቂት ቆየት ብለው «ያቺ የዘወትሯ ብቻ ናት እንጂ» ሲሉ፣ ያቺ የዘወትሯ ፕሬድኒሶሎን ሆና ተገኘች። ለብዙ ዓመት የዋጡት መድኃኒት እንደ ጨውና በርበሬ የቤት ዕቃ ይሆንና ሰው መድኃኒትነቱን ይረሳዋል። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ ከነመጠኑ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፤ ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዘው ይምጡ። ልጅ ወደ መድኃኒት ቤት ሲልኩም ወረቀቷን አብረው ይላኩ።

ሁለቱን አብረው የሚያዝዙ ሐኪሞች የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ ሲያስፈልግም ትክክል ናቸው። ግን አስበውበት ነው። ኩላሊትና የደም ግፊት አይተው፣ ለአጭር ቀን ወስነው፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ ጨጓራ ጠባቂ ጨምረው ያዝዛሉ። ቀድሞ የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት ለነበረበት፣ ኩላሊቱን ሉፐስ ለነካው፣ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ግን ነገሩ ይከብዳል። ለልብ የታዘዘችውን ትንሿን አስፕሪን በራስዎ አያቋርጡ፤ ስቴሮይድ የሰጠዎት ሐኪም መኖሯን ማወቅ ግን አለበት። ትራማዶልም ከጨጓራ ቁስለት ይለይ እንጂ ያደነዝዛል፣ ሊያንፈራግጥም ይችላል፣ ሱስም አለው፤ ከጓደኛ የሚቀበሉት አይደለም።

ሕመሙ አዲስ ሲሆን ደግሞ ማስታገሻ ከመጨመር በፊት ጥያቄ አለ። ዕቃ ሳያነሱ ድንገት የወገብ አጥንት ቢያምዎት፣ ስቴሮይድ ያሳሳው አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ብሽሽትዎን እያመመዎት ቢያነክሱ የዳሌ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል። የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ተደብቆ የቆየ ቲቢ ተነስቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ማስታገሻው እነዚህን ሁሉ ዝም ያሰኛቸዋል።

የጾሙም ነገር እንዳይረሳ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎንም የንስሐ አባትዎንም ያነጋግሩ። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ ሐኪማቸውን ቀድመው ይጠይቁ።

ማስታገሻው ስለሠራልዎት ብቻ ስቴሮይዱን ጣል እንዳያደርጉት። ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ያቆማሉ። በድንገት ሲቋረጥ ሰውየው ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ሕይወት የሚያልፍበት ጊዜም አለ። የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው።

ይህ ማስጠንቀቂያ «የዕፅዋት ነው» ተብሎ የሚሸጠውንም ይጨምራል። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «አርትሪ ኪንግ» የተባለ የቁርጥማት ክኒን መርምሮ፣ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን አገኘበት። ያንኑ የምናወራለትን ድርብ፣ በአንድ ፍሬ! ጉበታቸው የተጎዳና የሞቱ ሰዎችም ሪፖርት ደርሶት ነበር። ከዚህ ዓይነቱ ክኒን ሲወስዱ የቆዩ ሰው ካሉ ዛሬውኑ አይጣሉት፤ ማሸጊያውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ውስጡ ያለው ስቴሮይድም በአንዴ የሚቋረጥ አይደለምና።