የመርጫ ፓምፕ ቱቦ በማን ልክ ይቈረጥ?

በአርሲ ደጋ ክረምቱ ገብቶ የስንዴው ቡቃያ መሬቱን ሲሸፍን፥ በየማሳው ፓምፕ ያዘለ ሰው ማየት የተለመደ ነገር ነው። ስለሚረጨው መድኃኒት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ዓይነቱና ስለ ዋጋውም ክርክር ይደረጋል። መድኃኒቱን ከፓምፑ መያዣ ወደ እጅ ስለሚያደርሰው፥ ሦስት ክንድ እንኳ ስለማይሞላው ቱቦ ግን የሚያነሣ እምብዛም የለም። ነገር ግን በአረምና በዋግ ላይ ሊውል የታሰበው መርዝ በሰው ጀርባና እጅ ላይ ከሚያርፍባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ቱቦ ነው። ስለዚህ ቱቦ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚስተካከል ለጓደኞቻችን ተማሪዎች በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል።

እንደሚታወቀው የአርሲ ገበሬ ከዘመናዊ የእርሻ መሣሪያ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ካዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሲቋቋም ማእከሉ አሰላ ነበረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያም በብድር ወደ ገበሬው ቤት ማድረስ ጀመረ። ከአሰላ በስተ ሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም እስከ ዛሬ ድረስ በስንዴ ምርምር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘርም ጠላት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ስንዴ ላይ ከባድ ጥፋት አደረሰ። በ2013 እና በ2014 ደግሞ ዲገሉ የተባለውን፥ በብዙ ገበሬ ዘንድ የተወደደውን ዝርያ የግንድ ዋግ መታው። ከዚህ የተነሣ ገበሬው ከፀረ አረሙ ሌላ ፀረ ዋግ መድኃኒትም ለመርጨት ተገደደ። ፓምፑን የሚያዝልበት ጊዜ ሲበዛ፥ የፓምፑ ጉድለት የሚያስከትለውም ጉዳት እንዲሁ በዛ ማለት ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አሳብ እናርም። ብዙ ሰው «ቱቦው ሲረዝም ግፊቱ ይደክማል» ብሎ ያምናል፤ ስለዚህም ቱቦውን ያለ ልክ ያሳጥረዋል። የፊዚክስ ትምህርት የሚያስረዳን ግን ሌላ ነው። ውስጡ 8 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦ በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ፈሳሽ ሲያልፍ፥ በእያንዳንዱ ሜትር የሚጠፋው ግፊት የ1 ባር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ፓምፑ የሚሠራው ደግሞ ከ1 እስከ 3 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ነው። ክንድን አንሥቶ የመርጫውን አፍ በአንድ ሜትር ከፍ ማድረግ የ1 ባር አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፥ ከቱቦው ርዝመት ይልቅ የክንዱ ከፍታ ይበልጣል። ምናልባት «የአሰላስ አየር የሳሳ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነገር ግን ፈሳሹን የሚገፋው በፓምፑ ውስጥና ውጭ ባለው ግፊት መካከል የሚገኘው ልዩነት ስለ ሆነ፥ ከፍታው ለውጥ አያመጣም። ግፊቱን የሚያቋርጠው ርዝመት ሳይሆን የቱቦው መታጠፍ ነው።

እንግዲህ የቱቦው ርዝመት የሚወሰነው በግፊት ካልሆነ በምንድን ነው? በተሸካሚው ሰውነት ነው። የሚያጥር ቱቦ፥ ሰውየው ክንዱን በዘረጋ ቍጥር ይወጠራል። ውጥረቱም የሚያርፈው በሁለቱ መጋጠሚያዎች፥ ይኸውም ከመያዣው በሚወጣበትና ከመክፈቻው እጀታ በሚገናኝበት ላይ ነው። የላይኛው ሲላላ መርዙ በእጅ ላይ፥ የታችኛው ሲላላ በወገብና በጭን ላይ ይንጠባጠባል። በላብ የራሰ ልብስም መርዙን ይዞ ከቆዳ ጋር ያቆየዋል። በሌላ በኩል የሚረዝም ቱቦ ከጉልበት በታች ይንጠለጠላል፤ በእግር ይረገጣል፤ በአጥርና በቍጥቋጦ ይያዛል፤ ታጥፎም ፈሳሹን ያግዳል። ሰውየው መርጨት ሲያቅተው ግፊቱን ለመጨመር ደጋግሞ ይመታል፤ የታጠፈው በድንገት ሲቃና ያ ሁሉ ግፊት ይወጣል።

የረዥም ቱቦ ሌላም ጕዳት አለው። ከላይ በጠቀስነው ስፋት በ1 ሜትር ቱቦ ውስጥ 50 ሚሊሊትር ያህል ፈሳሽ ይቀራል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ 75 ሚሊሊትር፥ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ያህል። ትናንት ቱ ፎር ዲ በስንዴ ላይ የረጨ ገበሬ፥ ዛሬ በዚያው ፓምፕ ባቄላውን ለመርጨት ቢነሣ፥ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ሲኒ ሙሉ ፀረ አረም ነው። ቱ ፎር ዲ ስንዴን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ስለሚገድል፥ ባቄላውም አተሩም ተልባውም አረም መስሎት ይቃጠላል። ስለዚህ መያዣውን ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ ንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ እየሞሉ በቱቦው ውስጥ እስከ መጨረሻ መርጨት ያስፈልጋል። እጣቢውም መድኃኒቱ በተረጨበት ማሳ ላይ ይረጭ እንጂ ወደ ወንዝ አይደፋ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው የቀጣር ወንዝ መጨረሻው የዝዋይ ሐይቅ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ይህ በሰውነት ልክ የመምረጥ ነገር የአርሲ ገበሬ ብቻ ጕዳይ አይደለም። በቀይ ባሕርና በሌላውም ባሕር የሚጠልቅ ሰው፥ አየር ያለበትን ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ አየር የሚሞላ ሰደርያ ይለብሳል። ከሲሊንደሩ ራስ ተነሥቶ በግራ ትከሻው ላይ የሚወርድ ቱቦ ለሰደርያው አየር ይሰጣል። ቱቦው ቢያጥር ራሱን ሲያዞርና መሙያውን ከፍ ሲያደርግ ይጐትተዋል፤ ቢረዝም ወደ ውጭ ተቆልምሞ ከድንጋይና ከገመድ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ጠላቂው ሙሉ ትጥቁን ለብሶ፥ ወደ ውኃው ሳይገባ በፊት ይለካል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጠላቂው ቱቦ ጫፎቹ በፋብሪካ የታሠሩ ስለ ሆኑ አይቈረጥም፥ ልኩ የሆነውን መግዛት ግድ ነው። የእኛ የመርጫ ቱቦ ግን በቤት ሊለካና ሊቈረጥ ይችላል።

አለካኩም እንደሚከተለው ነው። ባዶውንና ንጹሑን ፓምፕ የሚሠራበት ሰው ይዘለው፤ ማንገቻዎቹንም እንደ ሥራ ጊዜ ያጥብቅ። በአንድ እጁ የፓምፑን እጀታ፥ በሌላው የመርጫውን ዘንግ ይያዝ። ከዚያ ክንዱን ወደ ፊት፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘርጋ፤ ጐንበስም ይበል። በእነዚህ ሁሉ ቱቦው ሳይወጠር፥ ክንዱም ሲመለስ ከጉልበት በታች ሳይወርድ ከተገኘ ልኩ ነው። ለመጋጠሚያው የሚገባውን ያህል ተጨምሮ ምልክት ይደረግበትና በስለታም ቢላዋ ቀጥ ተደርጎ ይቈረጥ። ጫፉን በሙቅ ውኃ ነክሮ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ማስገባት፥ ከዚያም ብሎን ባለው የብረት ቀለበት ማጥበቅ ይገባል። በሽቦ ማሰር ቱቦውን ይቈርጠዋል፤ በላስቲክ መጠቅለልም ግፊት አይችልም። የተሰነጠቀ ቱቦ ይጣል እንጂ አይጠገን። በመጨረሻም ንጹሕ ውኃ ሞልቶ፥ ግፊቱን አሙቶ፥ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት መዳሰስ ነው፤ ወረቀቱ ከራሰ ሥራው አልተፈጸመም።

በአንድ ቤት አባትም ልጅም በአንድ ፓምፕ የሚረጩ ከሆነ፥ ቱቦው በረዥሙ ሰው ልክ ይቈረጥ። አጭሩም ሰው ትርፉን ከማንገቻው ጋር ሳያጥፍ በሰፊ ማሰሪያ ይያዘው፤ ያጠረ ቱቦ አይረዝምምና።

ብዙዎቻችን ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን የምንመለሰው ፓምፑ ከጓዳ በሚወጣበት ወራት ነው። ለአባቶቻችን ስለ እርሻ የምናስተምራቸው ብዙ ነገር የለንም፤ እነርሱ ከእኛ ያውቃሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሳይበጠበጥ በፊት ቱቦውን ከነመጋጠሚያው መርምሮ፥ «አባባ፥ እስቲ ይዘሉትና ልኩን እንየው» ማለት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የሚያስወጣው ገንዘብም ከአንድ ቀለበት ዋጋ ብዙም አይበልጥ።