ስለ ውሻ የፊንጢጣ ከረጢት ሕመም

ውሻ መቀመጫውን በመሬት ላይ እየጎተተ ሲሄድ፤ ከሚያዩት ሰዎች አንዱ «ትል ይዞታል» ይላል፤ ሌላው ይስቅበታል፤ ልጆችም ድንጋይ ይወረውሩበታል። ዳሩ ግን ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከትል ሳይሆን በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ነው።

ከረጢቶቹ ከቆዳው በታች የተሰወሩ ናቸው። ፊንጢጣው እንደ ሰዓት ፊት ቢታሰብ፤ አንዱ በ4 ቁጥር፤ ሁለተኛው በ8 ቁጥር ላይ ይገኛል። በውስጣቸውም ሽታው የከፋ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ውሾች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኋላ የሚያሸተው ይህን ሽታ ለመለየት ጭምር ነው።

ጤነኛ ውሻ ጠንከር ያለ ዓይነ ምድር ሲያወጣ ከረጢቶቹ ይጫናሉና ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ሳይወጣ ቢቀር ግን ይወፍርና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ኋላም ያብጣል፤ ይመግላል፤ በመጨረሻም ቆዳውን በስቶ ይፈነዳል።

ለዚህ ሕመም ምክንያት የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ተቅማጥ ወይም ዘወትር የላላ ዓይነ ምድር፤ ከረጢቱን ለመጫን ኃይል የለውምና።

2ኛ፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት።

3ኛ፤ የቆዳ ማሳከክ፤ ቆዳው ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠባልና።

4ኛ፤ በአረጀ ውሻ ላይ የሚወጣ ዕጢ።

ትልም ቢሆን መቀመጫን ያሳክካል። ነገር ግን ውሻ ቁንጫ ሲውጥ የሚይዘው ጠፍጣፋ ትል ከሆነ፤ በዓይነ ምድሩ ወይም በጅራቱ ሥር እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነጭ ነገር ይታያል። በከረጢቱ ሕመም ጊዜ ግን ውሻው ኋላውን አብዝቶ ይልሳል፤ ሲቀመጥ ይጨነቃል፤ ክፉ ሽታ ይሸታል፤ እብጠትም በፊንጢጣው አጠገብ ይወጣል።

እብጠቱን በቢላዋ መብጣት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ አይገባም። ፊንጢጣውን የሚዘጋው ጡንቻ በአጠገቡ ነውና፤ እርሱ ቢቈረጥ ውሻው ዓይነ ምድሩን መያዝ ያቅተዋል። የሚሻለው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ሕፃናትም ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ገራም የነበረው ውሻ እንኳ ሕመሙ ሲነካበት ይነክሳልና። የተነከሰ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ እንዳያገኘው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መምህርም ይህን ለተማሪዎቹ፤ ሽማግሌም ለጎረቤቱ ቢያስረዳ፤ ሌሊት ደጅ ሲጠብቅ ያደረው እንስሳ በሕመሙ ቀን ድንጋይ መቀበሉ ይቀርለታል።