እንቁላሉ በስድስት እግሩ ሲሄድ

ልጆቻችሁ «በእግሩ የሚሄድ ሮቦት እንሥራ» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሥሩ» ብለን እናልፋለን። እንዲህ ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮዱ የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው የእጅ፣ የዓይንና የትዕግሥት ሥራ ነው። እሱ ደግሞ እናንተ ዘንድ አለ።

ለመጀመሪያ ባለ ስድስት እግሩን ሞክሩ። አራት እግር የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለ አራቱ አንዱን እግር ባነሳ ቁጥር ክብደቱን በቀሩት ላይ ካላመቻቸ ይወድቃል። ባለ ስድስቱ ሦስቱን ሲያነሳ በሦስቱ ይቆማል። ጉልቻን አስታውሱ፤ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ አይንገዳገድም። ጉንዳንም የሚሄደው እንዲሁ ነው። የቀኝ ፊትና የቀኝ ኋላ እግሮቹ ከግራ መሃሉ ጋር ሲረግጡ ሌሎቹ ሦስቱ ይራመዳሉ፤ ከዚያ ተራው ይቀየራል።

ለአንድ እግር ሁለት ሰርቮ ይበቃል። ሰርቮ የታዘዘበት ማዕዘን ላይ ደርሶ የሚቆም ትንሽ ሞተር ነው። አንዱ እግሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዳል፣ «ዳሌ» በሉት፤ ሌላው ያነሳል፣ ያወርዳል፣ «ጉልበት» በሉት። በድምሩ 12 ይሆናሉ። በርካሽ የሚገኘው ኤስጂ90 ክብደቱ 9 ግራም ገደማ ነው፣ 180 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ትእዛዙን አርዱዊኖ ይሰጣል፤ 16 መስመር ያለው ፒሲኤ9685 የተባለ ቦርድ ደግሞ ለሰርቮዎቹ ያከፋፍላል።

እግሮቹና ገላው በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማሉ። ፕሪንተር ከሌላችሁ የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ በብዙ ከተሞች ለሕዝብ ክፍት የሆነ አለ። እግሩን አስተኝታችሁ አሳትሙ። ፕላስቲኩ የሚደረደረው በንብርብር ስለሆነ፣ ቆሞ የታተመ እግር በንብርብሮቹ መሃል ቀጭ ይላል።

ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት እያንዳንዱን ሰርቮ 90 ዲግሪ ላይ አቁሙት። ይህን የዘለለ ሰው እግሩ ከገላው ጋር ሲጋጭ፣ የሰርቮው የፕላስቲክ ጥርስ ሲበላ ያያል።

ትልቁ ፈተና ኃይል ነው። አንድ ትንሽ ሰርቮ ሲጨናነቅ ከግማሽ አምፔር በላይ ይስባል። 12ቱን ከአርዱዊኖ ላይ ካስነሳችኋቸው ሮቦቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ምጣድና ማሞቂያ አንድ መስመር ላይ ስትሰኩ መብራቱ ድርግም እንደሚለው ማለት ነው። ልጆቹ ግን ጥፋቱ የኮዱ መስሏቸው ሲሰርዙ ሲጽፉ ያመሻሉ፣ ተስፋ የሚቆርጡትም እዚህ ላይ ነው። «እስቲ መጀመሪያ ኃይሉን እንይ» የምትሉት እናንተ ሁኑ። ለሰርቮዎቹ ለብቻው 5 ቮልት፣ 10 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ስጧቸው፤ የግራውንድ ገመዱ ግን ከአርዱዊኖው ጋር የጋራ ይሁን። ወደ ባትሪ የምትሄዱት በገመድ በደንብ ከተራመደ በኋላ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከመረጣችሁ ቻርጅ ላይ ጥላችሁት አትሂዱ።

የመጀመሪያው ቀን ሮቦቱ ባለበት ይሽከረከር ይሆናል። አትደንግጡ፤ የግራና የቀኝ ሰርቮዎች ፊታቸው ተቃራኒ ስለሆነ የአንዱ ወገን ቁጥር መገልበጥ አለበት። ልጆቹ ኮዱን ሲያስተካክሉ እናንተ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላችሁ እግሮቹን እያያችሁ ጥሩላቸው፦ «ቀኝ ፊት! ግራ መሃል! ቀኝ ኋላ!» ጥቂት ምሽት ከቆያችሁ እነሱም በአማርኛ ይመልሱላችኋል፤ ማንም «አማርኛ አጥኑ» ሳይላቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእናንተው ምናልባት ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተደናቅፎ ይወድቅ ይሆናል። አንሱትና እንደገና አስጀምሩት።